የእናት ቤት
(በየቲሞች ድጋፍ ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ዛሬ ስለ አንዲት የኔፓል መምህርት ልነግራችሁ እወዳለሁ። የእምነታችን ተከታይ አይደሉም፤ ነገር ግን መልካም ሥራ ከየትም ቢገኝ ትምህርት ነው።

ወይዘሮ አኑራዳ ኮይራላ እ.ኤ.አ. በ1949 ተወለዱ። ሃያ ዓመት ያህል በመምህርነት አገልግለዋል። በትዳራቸውም ድብደባ ደርሶባቸዋል። በካትማንዱ ከተማ፣ በፓሹፓቲናት ቤተ መቅደስ ደጃፍ የሚለምኑ ሴቶችን ሲያነጋግሩ የብዙዎቹ መከራ ከራሳቸው መከራ ጋር አንድ ሆኖ አገኙት። ሳንቲም ጥሎ ማለፍ አልሆነላቸውም፤ ከደመወዛቸው ቀንሰው ለጉሊት ንግድ መነሻ ሰጧቸው። ከዚህ ጅምር ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1993 «ማይቲ ኔፓል» የተባለው ድርጅት ተመሠረተ። ማይቲ ማለት ያገባች ሴት የተወለደችበት ቤት፣ በእኛ አነጋገር የእናት ቤት ማለት ነው።

ኔፓል ከሕንድ ጋር ከ1,700 ኪሎ ሜትር በላይ ትዋሰናለች፤ የሁለቱ አገር ዜጎችም ያለ ቪዛ ይመላለሳሉ። ደላሎች በዚህ በር የድሃ ልጆችን በሥራና በጋብቻ ተስፋ እያታለሉ ወስደው በሕንድ ከተሞች ለዝሙት ንግድ ይሸጧቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የሙምባይ ፖሊስ ብዙ የኔፓል ልጃገረዶችን ከነዚህ ቤቶች ባወጣ ጊዜ የገዛ አገራቸው መንግሥት ሊቀበላቸው አመነታ። በሽታ ያመጣሉ ተብለው ተፈሩ። በዚያን ጊዜ ማይቲ ኔፓልና ጥቂት መሰል ድርጅቶች ደጃቸውን ከፈቱላቸው።

ከዚያ ወዲህ ከተረፉት ሴቶች አንዳንዶቹ ራሳቸው በድንበር ኬላዎች ከፖሊስ ጋር ቆመው ይጠብቃሉ። አንዲት ልጅ ከማታውቀው ሰው ጋር ስትሻገር ባዩ ጊዜ ሁለቱን ለየብቻ ይጠይቃሉ። የደላላውን አነጋገር ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቀው ማን ነው? ወይዘሮዋ እ.ኤ.አ. በ2010 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለዋል፤ በ2018 ደግሞ የአንድ ክፍለ ሀገር ገዢ ሆነው ተሹመው ነበር።

ይህን ሳስብ አንዲት ተማሪዬ ትታወሰኛለች። አባትም እናትም ያልነበራት የቲም ነበረች። አንድ ሰኞ ከክፍል ቀረች፤ ጥቂት ቆይቼ ስሟን ከመዝገብ ሰረዝሁ። ደላላ ወደ ዐረብ አገር እንደ ወሰዳት የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ከዓመታት በኋላ ታማ ባዶ እጇን ስትመለስ ያገኛት ጥያቄ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» የሚል ነበር። «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» ያላት አልነበረም። እኔም ደጇን አልረገጥሁም። ይህ ዛሬም በደረቴ ላይ ያለ ዕዳ ነው።

ወገኖቼ፣ ደላላ የሚፈልገው ጠያቂ የሌላትን ልጅ ነው። ስለዚህ ለየቲም የምንሰጠው የደብተርና የቀለብ ገንዘብ ብቻውን አይበቃም። ሦስት ቀን ከትምህርት ስትቀር ቤቷ ሄደን እንጠይቅ። «ሥራ አግኝቼልሻለሁ» የሚላትን ሰው ማንነት እንመርምር። ተጎድታ የተመለሰችውን ደግሞ ያለ ወቀሳ እንቀበል፤ የእናት ቤት የላትምና ቤታችን የእናት ቤት ይሁንላት።

አላህ የየቲሞችን አማና ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።