ሥዕላዊ ፕሮግራሞችን በስክሪፕት በጅምላ ስለ ማረም
(በቴፒ ለሙያ ባልደረቦች የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው፣ የመቆጣጠሪያ ፕሮግራምን በሥዕል መሥራት ለጀማሪም ለባለሙያም የተመቸ ዘዴ ነው። ሣጥኖቹ ተግባርን፣ በመካከላቸው የሚዘረጉት መስመሮች ደግሞ የመረጃውን ጉዞ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ውስጥ የተጀመረው ኖድ-ሬድ የዚህ ዓይነት መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ፋይሉ ሲከፈት የሚገኘው ሥዕል ሳይሆን ጽሑፍ ነው። ጄሰን በተባለው የአጻጻፍ ሥርዐት የእያንዳንዱ ሣጥን መለያ፣ ዓይነት፣ በገጹ ላይ ያለበት ስፍራና የሚያያዛቸው ሣጥኖች ተዘርዝረው ይቀመጣሉ። ስለሆነም ሣጥኖቹን አንድ በአንድ በእጅ ከመክፈት ይልቅ አጭር ስክሪፕት ጽፎ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማረም ይቻላል። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ሥራ ጥቅምና አደጋ ነው።

አደጋውን በራሴ ስሕተት ላስረዳ። ቴፒ የቡና አገር እንደ መሆኗ፣ ለሠርቶ ማሳያ ያዘጋጀናት ትንሽ ማሽን የታጠበ ቡና ማድረቂያ ነበረች። የሙቀቱ ወሰን 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተደርጎ በ12 የፕሮግራም ገጾች ላይ ተጽፎ ነበር። የታጠበ ቡና ሲደርቅ ከ40 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ በሰፊው የሚመከር በመሆኑ፣ ወሰኑን ዝቅ ማድረግ አስፈለገ። እኔም «45ን ፈልግ፤ 40 ተካ» የሚል አንድ መስመር ጽፌ ሥራውን በቅጽበት ፈጸምኩ። ገጾቹ ሲከፈቱ ሣጥኖቹም መስመሮቹም በደኅና ይታዩ ስለ ነበር፣ ነገሩ ሁሉ የተቃና መሰለኝ።

ነገር ግን በእጅ ቴርሞሜትር ስንለካ ማድረቂያው እንደ ቀድሞው 45 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ፤ መስኮቱ ላይ የሚነበበው ግን 40 ነበር። ምክንያቱም የሙቀት መለኪያው ምልክት የሚባዛበት ቁጥር 0.45 ስለ ነበር፣ ስክሪፕቱ እሱንም 0.40 አድርጎት ነበር። ምልክቱ 100 ሲሆን እውነተኛው ሙቀት 45 ነው፤ ማሽኑ ግን 40 ብሎ ያነባል። እንግዲህ አንዱ ስሕተት እርማቱን ሰርዞ፣ ስሕተቱን የሚገልጠውን መለኪያም አብሮ አሳሳተው። ቴርሞሜትሩ ባይኖር ኖሮ ቡናው እየተበላሸ እኛ ደግሞ በጥንቃቄያችን እንኮራ ነበር።

ከዚህ የተማርኩት፣ ፋይሉ ጽሑፍ ቢሆንም እንደ ተራ ጽሑፍ ሊታረም እንደማይገባው ነው። ስክሪፕቱ በመጀመሪያ ፋይሉን በጄሰን አንባቢ ከፍቶ አወቃቀሩን ይረዳ፤ ቀጥሎም የሣጥኑን ዓይነትና መለያ ለይቶ፣ የታለመውን አንድ መስክ ብቻ ይለውጥ። ስንት ቦታ እንደ ለወጠም ቈጥሮ ይናገር፤ 12 ተጠብቆ 31 ቢገኝ ምንም ሳይጽፍ ይቁም። የቀድሞው ፋይል ቅጂ ተቀምጦ ሁለቱ መስመር በመስመር ይመሳከሩ። በመጨረሻም ውጤቱ ከፕሮግራሙ ውጪ በሆነ መለኪያ ይረጋገጥ።

በአማርኛ ለምንሠራ ሰዎች ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያሻል። አንዱ ሠራተኛ ሣጥኑን «የፀሐይ ማድረቂያ» ሲል ሌላው «የጸሀይ ማድረቂያ» ብሎ ይሰይመዋል። ለአንባቢ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን የተለያዩ ቃላት ናቸውና በስም የሚፈልግ ስክሪፕት ግማሹን ዘሎ ያልፋል። ስለዚህ ምርጫው በስም ሳይሆን በመለያ ይሁን። እንዲሁም በፓይተን ጄሰን መልሶ ሲጻፍ ልዩ ትእዛዝ ካልተሰጠ የግእዝ ፊደላት በኮድ ቁጥር ይተካሉ። ፕሮግራሙ መሥራቱን አያቋርጥም፤ ሆኖም ፋይሉን የሚመረምረው ሰው የሚያነበው ነገር ያጣል።

ሁሉም ሥዕላዊ መሣሪያ በአንድ ደንብ እንደማይሄድም መገንዘብ ይገባል። ሚለር ፓኬት በ1990ዎቹ የሠራው ፒዩር ዳታ የሣጥኖቹን ግንኙነት የሚያስቀምጠው በመለያ ሳይሆን በፋይሉ ውስጥ ባላቸው የተራ ቁጥር ነው። በመካከል አንድ ሣጥን፣ ሌላው ቀርቶ አንድ የማስታወሻ ጽሑፍ እንኳ ቢጨመር ከእሱ በታች ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ይዛባሉ፤ መስመሮቹም ወደማይገባቸው ሣጥን ይሄዳሉ። ስለዚህ ስክሪፕት ከመጻፍ በፊት የፋይሉን ደንብ ማጥናት ግዴታ ነው።

ባልደረቦቼ ሆይ፤ ስክሪፕት የአንድ ቀን ድካምን ወደ አንድ ደቂቃ እንደሚያሳጥር ሁሉ፣ የአንድ ሰው ስሕተትንም በአንድ ደቂቃ ወደ ሁሉም ገጽ ያደርሳል። የተስተካከለ ሥዕል የተስተካከለ ሥራ ማስረጃ አይደለምና፣ ከመስኮቱ ይልቅ ቴርሞሜትሩን እንመን።