ጫት የማን ነው?
(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንነጋገርበት የተነሣነው ስለ ጫት ነው። ለምን ቢባል፣ ለቅሶ ቤት የሚያድሩ ወጣቶች በድንኳኑ ውስጥ ሲቅሙ ባየን ቁጥር «ይሄን ያመጡብን እነ እገሌ ናቸው» እያልን ብሔረሰብ መጥራት ጀምረናል። አንዳችን የሌላውን ሬሳ የምንሸከም ሰዎች ነን። እንዲህ ያለው ቃል ደግሞ ያቃቅረናል። እኛ ትምህርታችን ትንሽ ቢሆንም ዕድሜያችንን በጽሕፈት ሥራ ስለጨረስን የተጻፈውን ማገላበጥ አልተውንም። እስቲ ነገሩን አብረን እንየው።

ልዩነት የለም አንልም፤ አለ። በ2011 እ.ኤ.አ. በመላ አገሪቱ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በሐረሪ ክልል ከመቶው ሰው 53 ያህሉ ቃሚ ሲሆን በትግራይ 1 ያህሉ ብቻ ነበር።

ታዲያ ይህ የደም ጉዳይ ነው ወይ? አይደለም። የሐረርጌ ገበሬ ጫቱን ከማሽላው መሐል ይተክለዋል። ቡና በዓመት አንዴ ሲለቀም፣ ጫት ግን ውሃ ካገኘ ደጋግሞ ይቆረጣል፤ ልጆቹን የሚያለብስበት እሱ ነው። ማለዳ «ኢጃ ባና» ማለትም ዓይን መክፈቻ ብሎ ይቅምና ወደ እርሻው ይወርዳል። ሽማግሌዎችም ለዱዓ ሲቀመጡ ጫት ይቀርባል። ሰዓት አለው፣ ሥርዓት አለው።

በሰሜኑ ደጋ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ስለማትወደው ለክርስቲያኑ ገበሬ ጫት ነውር ሆኖ ኖረ። ግን ጠላው አለ፣ አረቄው አለ። በአረቄ የፈረሰ ትዳር ስንት ነው! ጫት የማይቃምበት አገር ሁሉ ከሱስ የጸዳ ነው ማለት አይደለም።

ከተማ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ጫት ከተቆረጠ በሁለት በሦስት ቀን ኃይሉ ስለሚደክም በመኪና እየተከነፈ ይመጣል። የአወዳዩም፣ የበለጬውም፣ የወንዶውም፣ የባሕር ዳሩም እዚሁ ይሸጣል። በባሕር ዳር ዙሪያማ ክርስቲያኑ ገበሬ ራሱ ተካይ ሆኗል፤ ብዙው እየሸጠ አይቅምም። እዚህ የሚቅመው ግን ማን ነው? ለፈተና የሚያጠናው ተማሪ፣ ሌሊት የሚነዳው ሾፌር፣ ሥራ አጥቶ ቀኑ የረዘመበት ልጅ ነው። ብሔረሰቡን ብንጠይቅ የሁላችንም ልጅ ሆኖ ይገኛል።

ከሁሉ የሚያስፈራን «ጨብሲ» የሚሉት ነው። በገጠር ሙስሊሙ ቢቅም አይጠጣም፤ ክርስቲያኑ ቢጠጣ አይቅምም ነበር። በከተማ ግን ልጁ ቀን ሲቅም ይውልና ምርቃናውን ለመስበር ማታ መጠጥ ይጨምርበታል። የምሥራቁ ቅጠልና የሰሜኑ አረቄ በአንድ ልጅ ሆድ ውስጥ ተገናኙ። እንቅልፍ የለ፣ እህል አይቀመስ፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ የቤት ኪራይ ደግሞ ለጫት ይሄዳል። ከገጠሩ ጫቱ መጣ እንጂ ሰዓቱና ተቆጪው ሽማግሌ አልመጡም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንድትመክሩበት እናሳስባለን።

1ኛ/ ስለ ሱስ ስንናገር ብሔረሰብና ሃይማኖት መጥራት ይቅር። በቤቱ በዱዓ ሥርዓት የሚቅመውን አረጋዊ አባላችንን የሚያስቀይም ቃልም አይነገር።

2ኛ/ በለቅሶ ድንኳን ጫትና መጠጥ አይግባ። ዝም ብሎ መከልከል ግን አይበቃም፤ ሌሊቱን ለሚያድሩት ወጣቶች ሻይና ዳቦ ከእድሩ ይመደብ፤ ተራ ገብተን ከኛ ከሽማግሌዎቹ ሁለት ሁለታችን አብረናቸው እንደር።

3ኛ/ ሱስ የያዘውን ልጅ ከመስደብ ወላጁን ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

እድራችን የተቋቋመው ለመቅበር ነው፤ እውነት ነው። ነገር ግን ልጆቻችን እኛን እንዲቀብሩን እንጂ እኛ እነሱን እንድንቀብር አይደለም።