ሞተረኛና የዱር እንስሳት በአንድ መንገድ



ዛሬ የምንነጋገረው በሞተር ብስክሌት ስለሚጓዙ ሰዎችና መንገድ ስለሚያቋርጡ የዱር እንስሳት ነው። «ይኼ ደግሞ ምን ያስፈልጋል? ሞተረኛን የሚገድለው የጭነት መኪና እንጂ ጅብ ነው እንዴ?» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ ከመኪና የሚመጣው አደጋ ይበዛል። ነገር ግን ከመኪና ጋር ቢያንስ የጋራ ሕግ አለን። መኪና ቀኙን ይዞ ይሄዳል፤ ሲታጠፍ ምልክት ያሳያል፤ ሲመሽ መብራት ያበራል። ከርከሮ ግን ቀኝና ግራ አያውቅም። ጅብም መብራት ይዞ አይሄድም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ተጠንቃቂ ሊሆን የሚችለው አንዱ ወገን ብቻ ነው፤ እሱም ሞተረኛው ነው።

ሞተር ብስክሌት ዛሬ በየገጠሩ ገብቷል። የጤና ባለሙያው ክትባት ጭኖ ይሄድበታል። የግብርና ባለሙያዋ ከቀበሌ ቀበሌ ትዞርበታለች። ወጣቱ ሰው እያመላለሰ እንጀራውን ያገኝበታል። መኪና ከርከሮ ቢገጭ ፊቱ ይጨራመታል፤ ሾፌሩ ግን ብዙውን ጊዜ በእግሩ ወርዶ ጉዳቱን ያያል። በሞተር ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ብረቱ ከሥር፣ ሰውዬው ከላይ ነው። እንስሳውን የሚመታው ብረቱ ሲሆን ሰውዬውን የሚቀበለው አስፋልቱ ነው።

ለመሆኑ የዱር እንስሳ የሚያጋጥመን የት የት ነው? ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን መንገድ እንውሰድ። ከመተሐራ እስከ አዋሽ ከተማ ባለው ክፍል ይህ መንገድ በ1961 ዓ.ም. በሕግ የተከለለውን የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሰንጥቆ ያልፋል። በአንድ ወገን የፈንታሌ ተራራ፣ በሌላው ወገን የኢላላ ሳላ ሜዳ አለ። ሳላ ሲያድግ ከ150 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። ከሻሸመኔ ወደ ሮቤና ወደ ጎባ የሚሄደው መንገድ ደግሞ ዲንሾ አጠገብ በጋይሳይ ሣር ሜዳ ላይ ያልፋል። እዚያ የደጋ አጋዘንና ከርከሮ አሉ። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ በሳነቴ አምባ ላይ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ይኸውም የቀይ ቀበሮ አገር ነው። ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ዝንጀሮ ያገኛል። ጅብን በተመለከተ ግን ፓርክ መፈለግ አያስፈልግም። የከተማ ዳር ሁሉ ሲመሽ የእሱ ነው።

ቦታውን ካወቅን ሰዓቱን ደግሞ እንወቅ። ብዙዎቹ የዱር እንስሳት የሚንቀሳቀሱት ጎሕ ሲቀድና ጀምበር ስትጠልቅ ነው። ቀን ሙቀቱን ሸሽተው ጥላ ሥር ይውላሉ፤ ሲበርድ ወደ ውኃና ወደ ግጦሽ ይወጣሉ። ጅብ፣ ጃርትና አዋልዲጌሳ የሌሊት ተጓዦች ናቸው። እንግዲህ እኛ ከሥራ ወደ ቤት የምንጣደፍበት ሰዓት ለእነሱም የመንገድ ሰዓት ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የሰው ዓይን ይደክማል። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትወጋለች፤ ወይም ጨለማና ብርሃን ተቀላቅሎ ቁጥቋጦና እንስሳ አይለይም።

«እንስሳዋ ሞተሩን ሰምታ ለምን አትሸሽም?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ትሰማለች። የማትረዳው ፍጥነቱን ነው። ሚዳቋ ከቀበሮና ከነብር ማምለጥን ታውቃለች። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ነገር ምን ያህል ቶሎ እንደሚደርስባት ግን አትገምትም። ስለዚህ መጀመሪያ ቆማ ታያለች። መብራቱ ዓይኗን ሲያጥበረብራት ደርቃ ትቀራለች። ከዚያ በመጨረሻው ሰዓት ትዘላለች፤ ወዴት እንደምትዘል እሷም አታውቀውም። ጥሩምባ መንፋት አንዳንዴ ይረዳል፤ አንዳንዴ ደግሞ ያስደነብራታል። ስለዚህ በጥሩምባ መተማመን አይገባም።

የሚያስተማምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም መብራታችን በሚያሳየን ርቀት ውስጥ ልንቆም በምንችልበት ፍጥነት መሄድ ነው። ይህን በሒሳብ እንየው።

አንድ ሞተረኛ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ይህ በሰከንድ 11 ሜትር ያህል ነው። እንስሳውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢያልፍ 11 ሜትር ሄዷል። ፍሬኑ ይዞ እስኪያቆመው ድረስ በደረቅ አስፋልት ላይ ሌላ 9 ወይም 10 ሜትር ያስፈልጋል። በጠቅላላው 20 ሜትር ገደማ ይሆናል። አሁን ፍጥነቱን ወደ 80 እናድርገው። በአንዱ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ፍሬኑ የሚወስደው ግን እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው፤ 36 ሜትርና ከዚያም በላይ። በጠቅላላው ወደ 60 ሜትር ይጠጋል። አያችሁ? ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር መቆሚያው ርቀት ሦስት እጥፍ ሆነ። ዝናብ ከጣለ፣ መንገዱም ጠጠር ከሆነ ከዚህም ይረዝማል።

ታዲያ የእናንተ ሞተር መብራት ስንት ሜትር ያሳያል? ይህን ከመጽሐፍ መፈለግ አያስፈልግም። ሲመሽ ከመንገድ ውጭ ባለ ሜዳ ላይ አንድ ጥቁር ጆንያ አኑሩ። ሞተሩን በሩቅ አቁማችሁ አጭር መብራቱን አብሩ። ጆንያው እስኪታያችሁ ድረስ አንድ ሰው ወደ እናንተ ያቅርበው። ከዚያ በረጅም እርምጃ ቁጠሩ። ጆንያው የታየው በ30 እርምጃ ከሆነ በሌሊት 80 የሚሄድ ሰው ያላየውን ነገር እየጋለበ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ እንስሳ ፊታችን ቢወጣ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ መሪውን ወዲያና ወዲህ አንጠምዝዝ። ብዙ ሞተረኛ የሚሞተው እንስሳውን ገጭቶ ብቻ አይደለም፤ እሱን ሸሽቶ ገደል ሲገባ ወይም ከፊቱ ከሚመጣ መኪና ጋር ሲላተምም ነው። ሞተሩን ቀጥ አድርገን ሁለቱንም ፍሬን አንድ ላይ፣ እየጨመርን እንያዝ። ጎማው ከተቆለፈ ይንሸራተታል። ሁለተኛ፣ ቦታ ካለና ፍጥነታችን ከበረደ በእንስሳው ኋላ እንጂ በፊቱ አንለፍ። ሦስተኛ፣ አንዱ ሲያልፍ «ተገላገልኩ» ብለን ነዳጅ አንስጥ። ከርከሮዋ ካለፈች ግልገሎቿ ይከተላሉ። አንድ ዝንጀሮ ከታየ መንጋው ቅርብ ነው። ሁለተኛውን እንጠብቅ።

አራተኛ፣ በሌሊት በመንገዱ ዳር ሁለት ነጥብ ሲያበራ ካየን ዓይን ነው ብለን ፍጥነት እንቀንስ። ኋላ «ባየሁት ኖሮ» ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የራስ ቁርም እንዲሁ ነው። መሪው ላይ አንጠልጥለነው ብንሄድ ማንን ያድናል? በራሳችን ላይ አድርገን ማሰሪያውን እናጥብቀው። ከኋላ የተቀመጠውም ሰው ራስ አለው፤ ለእሱም ይታሰብለት።

አደጋውን የምንጠራው እኛው የሆንንበትም ጊዜ አለ። ዓባይ በረሃን በመሰለ ቦታ መንገደኞች ለዝንጀሮ ሙዝና ብስኩት ይወረውራሉ። እንደ ደግነት ይቆጥሩታል። ዝንጀሮው ግን አስፋልቱን እንደ ማዕድ መቁጠር ይጀምራል፤ ልጆቹንም ያስተምራል። ቀጥሎ የሚመጣው ሞተረኛ በማዕዱ መካከል ይገባል። እንዲሁም ተገጭቶ የሞተ አህያ መንገድ ላይ ሲቀር ቀን ጥንብ አንሣ፣ ሌሊት ጅብ ይሰበስባል። ጥንብ አንሣ ከባድ ወፍ ነው፤ ከጠገበ ቶሎ አይነሣም፤ ሲነሣም በሞተረኛው ፊት ልክ ነው። ስለዚህ በድኑ በጊዜ ከመንገድ እንዲርቅ የአካባቢው ሰው ቢተባበር የሰው ሕይወት ያድናል።

ግጭት ከደረሰ ደግሞ የቆሰለ አውሬ ለማንሣት አንቅረብ። የተጨነቀ እንስሳ ይነክሳል። ማንም የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይጠብ፤ ሳይውል ሳያድርም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ብቻ አይመጣም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላም ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ቦታው ፓርክ ከሆነ ለስካውቶቹ እንንገር።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሰው ሕይወት ነው። አንድ ነገር ግን ሳንጨምር አንለፍ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ዛሬ በዱር ያሉት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሳነቴ ላይ በጎማ የሚሞት አንድ ቀይ ቀበሮ ከ1000 አንድ አይደለም፤ ከጥቂት መቶዎች አንዱ ነው። እሱን የሚያድነውና ሞተረኛውን የሚያድነው ሥራ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፤ ፍጥነት መቀነስ።

በመጨረሻም አንድ ሒሳብ እንተውላችሁ። 20 ኪሎ ሜትር መንገድ በ80 ብንሄደው 15 ደቂቃ ይፈጃል። በ40 ብንሄደው 30 ደቂቃ። ልዩነቱ 15 ደቂቃ ነው። ሲመሽ በአውሬ መንገድ ላይ የምንከፍለው ዋጋ ይኸው ነው። ቤት የሚጠብቁን ልጆች ቢጠየቁ ይህን 15 ደቂቃ ይነፍጉን ይመስላችኋል? ከመቅረት መዘግየት ይሻላል። በየሰፈራችሁ እንስሳ የሚሻገርባቸው ቦታዎች የትኞቹ እንደሆኑ እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ፤ ለእንግዳ ሞተረኛም ንገሩት።