የጣና ነፋስና የቪዛ ቀን፦ እንግዳ ስንቀበል ልናውቃቸው የሚገቡ ነገሮች

(በማኅበራችን ጉባኤ ላይ ለአባላትና ለደጋፊዎች የቀረበ ንግግር)



እንድንናገር የተሰጠን ርእስ እንግዳ አቀባበል ነው። ቡና ማፍላቱን፣ ማዕድ ማቅረቡን፣ መኝታ ማንጠፉን ማንም አያስተምረንም፤ ከእናቶቻችን የወረስነው ነው። ዛሬ የምናነሣው ብዙ ጊዜ የሚዘነጉ ሁለት ነገሮችን ነው። አንዱ እንግዶቻችን ሊያዩት የሚጓጉት የጣና ደሴቶች የአየር ጠባይ ነው። ሁለተኛው በእጃቸው የያዙት የጉብኝት ቪዛ ቀን ነው።

ሁለቱ የማይገናኙ ይመስላሉ። የሚያገናኛቸው አቆጣጠር ነው። እኛና የውጭ እንግዶቻችን ሰዓት የምንቆጥረው ለየቅል ነው፤ ወርም የምንቆጥረው ለየቅል ነው። በዚህ ልዩነት የተነሣ እንግዳ ሐይቅ ላይ ወጀብ ሊያገኘው፣ ወይም ቪዛው አልፎበት ኤርፖርት ላይ ሊቆም ይችላል። ይህን አስቀድማ ልታስቀርለት የምትችለው የሁለቱንም አቆጣጠር ያወቀች አስተናጋጅ ናት። በመጨረሻም ይኸው የቪዛ ነገር ወደ ውጭ የሚሄዱ ልጆቻችንን እንዴት እንደሚነካ ጥቂት እንላለን።

ከጉና እስከ ጣና

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በስተ ምሥራቅ ያለው ጉና ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ እንግዳችን በአንድ ቀን ውስጥ ከውርጭ ወደ ሙቀት ይወርዳል። ጠዋት በጋቢ ተጠቅልሎ ከእኛ ዘንድ ይነሣል፤ ወረታ ሲደርስ ኮቱን ያወልቃል፤ ሐይቁ ላይ ፀሐይ ያቃጥለዋል። ባርኔጣ፣ የሚጠጣ ውኃና ቀለል ያለ ልብስ አስይዙት፤ ጋቢውን ግን አያስቀር፤ ማታ ሲመለስ ይፈልገዋል።

ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ትንፋሽ ቢያጥረውና ራሱን ቢያመው አይደንቅም፤ የከፍታው ነገር ነው። በደረሰ ማግስት ጉና እንውጣ አትበሉት። ይረፍ፣ ውኃ ይጠጣ፣ ከዚያ ይሂድ።

በደጋችን የወባ ስጋት አነስተኛ ነው። ወደ ፎገራ ሜዳና ወደ ጣና ዳር ሲወርዱ ግን አለ፤ በተለይ ክረምቱ እንደ ወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበረታል። በዚያ የሚያድር እንግዳ አጎበር ያለው መኝታ ይፈልግ። በሐይቁ መዋኘትም አንመክርም፤ ቢልሃርዚያ አለ።

መቼ እንምጣ ብለው የሚጠይቁን ብዙዎች ናቸው። የከተማችንን ስም የያዘውን የደብረ ታቦር በዓል፣ ቡሄን፣ ለማየት የሚመጣ ሰው ነሐሴ 13 ክረምቱ መሀል ይገባል። በአውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 19 ነው። በዓሉ ያማረ ነው፤ ጉሙ፣ በረዶውና ጭቃው ግን ከእርሱ ጋር ነው። በጉና ዙሪያ የሚዘንበው ዝናብ በርብና በጉማራ ወንዞች ወርዶ ጣና ይገባል። በነሐሴ 1998 የፎገራን ሜዳ ያጥለቀለቀውን ጎርፍ የምታስታውሱ እዚህ አላችሁ። ደሴቶቹን ለማየት የተሻለው ጊዜ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ነው። ሰማዩ ይጠራል፤ መንገዱም ይደርቃል።

ሐይቁ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ አንድ አይደለም

ጣና ሰፊ ነው። ርዝመቱ ወደ 84፣ ስፋቱ ወደ 66 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጥልቀቱ ግን ቢበዛ ወደ 14 ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል። ጠዋት እንደ መስተዋት የተኛው ሐይቅ፣ ፀሐይ ከፍ ብላ የብሱ ሲሞቅ ነፋስ ይነሣበታል፤ ከሰዓት በኋላ ሞገዱ ይበረታል። በክረምት ደግሞ የከሰዓቱ መብረቅና ወጀብ ይጨመርበታል።

እንግዲህ የሰዓቱ ነገር እዚህ ይመጣል። እኛ «ነገ 2 ሰዓት ጀልባው ይነሣል» ስንል የማለዳውን ማለታችን ነው፤ በእንግዳው ሰዓት 8 ነው። እንግዳው ግን «2» ብሎ በራሱ አቆጣጠር ከያዘው፣ የሚመጣው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ነፋሱ በሚነሣበት ሰዓት። ባለጀልባው ገንዘቡ እንዳይቀርበት፣ እንግዳውም ከሩቅ አገር መጥቶ ሳያይ እንዳይመለስ ብለው ይነሣሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው፤ ሐይቅ ላይ የፈሰሰ ግን አይለቀምም።

ስለዚህ ሰዓትን በቃል ብቻ አትንገሩ። በወረቀት ጻፉለት፤ ሁለቱንም ጻፉ፦ «በኢትዮጵያ ጠዋት 2 ሰዓት፣ በእናንተ ጠዋት 8 ሰዓት»። ከባሕር ዳር ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ማልዶ የሄደ ሰው ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አይቶ እስከ 6 ሰዓት ይመለሳል። ደቅና ዳጋ ከዚያ በእጅጉ ይርቃሉ፤ ንጋት ላይ መነሣት ያስፈልጋል። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በዋዜማው ባሕር ዳር ያድር። ከእኛ ጠዋት ተነሥቶ በዚያው ቀን ዳጋ ደርሶ ልመለስ የሚል ሰው፣ ሐይቁ ላይ የሚገኘው በክፉው ሰዓት ነው።

ከጀልባ በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የመንሳፈፊያ ጃኬት አለ ወይ? ሞተሩ ቢቆም ሌላ መላ አለ ወይ? ባለጀልባው የዛሬውን ሰማይ እንዴት ያየዋል? ሐይቁን እያየ ያደገ ሰው «ዛሬ ይቅር» ካለ ይቅር። የደንገል ታንኳም ለፎቶግራፍ ያምራል፤ ከዳር አርቆ ለመሄድ ግን የለመዱት ሰዎች መጓጓዣ ነው።

ለሴት እንግዶቻችን የምንነግረው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ጣና ቂርቆስ የወንዶች ገዳማት ናቸው፤ ሴት አያስገቡም። ይህን ለጀልባ ከከፈለች በኋላ የምትሰማ እንግዳ ታዝናለች፤ ጥፋቱም የአስተናጋጇ ይሆናል። ቀድማችሁ ንገሯትና ሴቶች ወደሚገቡባቸው ምሯት። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ በደቅ አለች፤ የዘጌ አድባራትም አሉ። ነጠላ፣ ረጅም ቀሚስና የሚወልቅ ጫማ አይርሱ።

የቪዛው ቀን

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። በአውሮፕላን ቦሌ የሚገባ የውጭ ጎብኚ ቪዛውን በኢንተርኔት ቀድሞ ያወጣል። የጉብኝት ቪዛ የ30 ቀንና የ90 ቀን ተብሎ ይሰጣል። የሚያወጣውም የሚያራዝመውም የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው፤ ከእኛ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይርቃል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እንግዳችን ለገና ብሎ በታኅሣሥ 25 የሚጀምር የ30 ቀን ቪዛ አወጣ እንበል፤ በእርሱ ጃንዋሪ 3 ነው። ገናን ዋለ፣ ጥምቀትን ጥር 11 አየ። ከዚያ እኛ «እስከ ጥር 25 ቆይና የመርቆሬዎስን የፈረስ ጉግስ እይ» አልነው። ጥር 25 በእርሱ ፌብሩዋሪ 2 ነው። ቪዛው የሚያበቃው ደግሞ ጥር 24፣ ፌብሩዋሪ 1 ነው። በፍቅር የጨመርንለት ቀን ሕገ ወጥ አደረገው ማለት ነው። ጉግሱን አይቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ቀን ይጨመራል፤ ሲወጣም ቅጣት ይጠብቀዋል።

ስለዚህ እንግዳ በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ቡናው እንደ ተጠጣ፣ በትሕትና «ቪዛዎ መቼ ያበቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ወረቀቱ ላይ የታተመውን ቀን ተመልከቱ፤ ከገባበት ቀን እየቆጠራችሁ አትገምቱ። ቀኑ የተጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ ወደ እኛው መልሱትና በግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጉበት። በአዘቦቱ ዓመት ጥር 1 ጃንዋሪ 9 ነው፤ ከዚያ እየቆጠሩ መሄድ ነው። ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት የሚገባው ዓመት ግን እስከ የካቲት ድረስ አንድ ቀን ይገፋል፤ ያን ጊዜ ጥር 1 ጃንዋሪ 10 ይሆናል።

ሊቆይ ያሰበ ሰው ማራዘሚያውን ቪዛው ሳያልቅ ይጠይቅ። ቢያንስ ዐሥር ቀን ሲቀረው ጉዳዩን ይጀምር። ቅዳሜና እሑድ አይቆጠሩም፤ ገናና ጥምቀትም ቢሮ ይዘጋሉ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት ደግሞ መንገድ የሚዘጋበት፣ ኔትወርክም የሚጠፋበት ጊዜ አይተናል። «በመጨረሻው ቀን እደርሳለሁ» የሚል ስሌት እዚህ አይሠራም። ፓስፖርቱን፣ የቪዛውን ወረቀት፣ ፎቶግራፍና የመመለሻ ትኬቱን ይያዝ። ክፍያውና አሠራሩ ስለሚለዋወጥ ከመነሣቱ በፊት ራሱን መሥሪያ ቤቱን ይጠይቅ፤ «እኔ አስጨርስልሃለሁ» ለሚል ደላላ ፓስፖርት አይስጥ።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ ይህ ደግሞ ለእናንተ ነው። መቆየታችሁ የማይታወቅ ከሆነ ከመጀመሪያው የ90 ቀኑን ቪዛ አውጡ፤ በኋላ ለማራዘም ከሚወጣው ወጪና ድካም ይሻላል። ሥልጠና ለመስጠት ወይም ለመሥራት የምትመጡ ከሆነ የጉብኝት ቪዛ ለዚያ አይደለም፤ ከወራት በፊት ጻፉልን፣ የሚያስፈልገውን አብረን እናጣራለን። ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሆናችሁ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ቢጫ ካርድ ብታወጡ ያለ ቪዛ ትገባላችሁ። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊትም የመንገዱን ሰላም ከእኛም ከኤምባሲያችሁም ጠይቁ። «አሁን አትምጡ» ያልናችሁ ጊዜ አትቀየሙን፤ ናፍቆታችን አንሶ አይደለም።

ልጆቻችንስ?

እናቶች፣ የእንግዳውን ቪዛ ማንበብ ከተማርን የልጆቻችንንም እናንብብ። ከየቀበሌያችን ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ልጆች አሉ። ለአንዳንዶቹ ደላላ የሚያመጣላቸው ወረቀት የሥራ ቪዛ አይደለም፤ የጉብኝት ቪዛ ነው። «ግቢ ብቻ፣ እዚያ ሲደርሱ ይራዘማል፣ ወደ ሥራም ይቀየራል» ይላታል። የጉብኝት ቪዛ ለውጭ እንግዳችን እዚህ ሥራ እንደማይፈቅድ ሁሉ፣ ለልጃችንም እዚያ አይፈቅድም። ቀኑ ሲያልፍ ቅጣቱ በእርሷ ላይ ይቆጠራል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ለእያንዳንዱ ቀን 50 ዲርሃም ነው፤ በ30 ቀን 1,500 ዲርሃም ይሆናል። ደመወዝ ብትከለከል፣ ብትመታ፣ ወረቀቷ ስላለፈ ለመክሰስ ትፈራለች። አሠሪዋም ይህን ያውቃል።

የአየሩም ነገር አለ። ባሕሬን ደሴት ናት፤ ስሟ በዓረብኛ «ሁለት ባሕሮች» ማለት ነው። በሐምሌና በነሐሴ፣ እኛ ጋቢ ደርበን እሳት ስንሞቅ፣ እዚያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያህል ይደርሳል፤ የባሕሩ ወበቅም ይጨመርበታል። ከጉና ሥር የወጣች ልጅ ይህን ሳታውቅ መሄድ የለባትም።

ሕጋዊው መንገድ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 ተደንግጓል። ዕድሜዋ 18 የሞላ መሆን አለበት። የመግቢያ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የመድን ዋስትናውን የሚከፍለው አሠሪው ነው። ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ የልደትና የሙያ ብቃት ማስረጃ የእርሷ ወጪ ናቸው። «ለቪዛ ክፈይ» የተባለች ልጅ ካለች፣ በሬ ሳይሸጥ፣ ከዕቁብም ሳይወሰድ በፊት ወረቀቱን ይዛ ወደ ማኅበሩ ትምጣ። «ጉብኝት» የሚል ቃል ካለበት፣ ለሥራ አይሆንም።

እንግዲህ ከዚህ ጉባኤ ሦስት ነገር ይዘን እንሂድ። አንደኛ፣ እንግዳ በምንቀበልበት ቤት ሁሉ የሁለቱ አቆጣጠር ቀን መቁጠሪያ ይሰቀል። ሁለተኛ፣ የጀልባ ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፎ ይሰጥ፤ ጉዞውም ጠዋት ይሁን። ሦስተኛ፣ የእንግዳም ሆነ የልጅ ቪዛ በመጀመሪያው ቀን ይነበብ። ወጪው የአንድ ቀን መቁጠሪያ ዋጋ ነው።

 እግዚአብሔር ለአገራችን ሰላሙን፣ ለእንግዶቻችን መልካም መንገድ ይስጥልን።