በደጋ ጤና ጣቢያ የነርስ ውሳኔ



የነርስ ሥራ የሐኪምን ትእዛዝ መፈጸም ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ በትልቅ ሆስፒታል ውስጥ እንኳ ግማሽ እውነት ነው። በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ በሚገኙ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ግን ጨርሶ አይሠራም። የሌሊት ተረኛዋ ነርስ በሽተኛውን ለማቆየት ወይም ወደ ሆስፒታል ለመላክ ስትወስን ትእዛዝ የሚሰጣት ሰው አጠገቧ የለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተቋቁሞ ከጤና መኮንኖች ጋር የኮሙኒቲ ነርሶችን ለገጠር ማሠልጠን የጀመረው ይህንኑ በመገንዘብ ነው።

ትኩሳትን እንውሰድ። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ «እዚህ ወባ የለም» የምትል ነርስ ስለ ቦታው እውነት ትናገራለች፤ ስለ ሰውየው ግን ልትሳሳት ትችላለች። የደጋው ወጣት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳልና። ስለዚህ የመጀመሪያው መሣሪያ ቴርሞሜትር ሳይሆን «ወንድሜ፣ ዘንድሮ ቆላ ወርደህ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ነው። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሰውነቱ ከመነመነና ጣፊያው ካበጠ ካላዛር ይታሰባል። በቅማል የተወረረ ልብስ ለብሶ፣ ከብዙ ሰው ጋር ተጨናንቆ ያደረ ከሆነ ደግሞ ግርሻ ይታሰባል፤ አንዲት የደም ጠብታ በማይክሮስኮፕ ስትታይ የወባንም የግርሻንም ተሕዋስያን ልታሳይ ትችላለች።

ለግርሻ ፔኒሲሊን መውጋት ቀላሉ ክፍል ነው። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ብርቱ ብርድ ብርድ ማለት ሊነሣ፣ ትኩሳቱ ሊያሻቅብ፣ ቀጥሎም የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። በሽተኛውን ወግታ የምታሰናብትና ወግታ አጠገቡ የምትቀመጥ ነርስ ያዘዙት መድኃኒት አንድ ነው፤ ውሳኔያቸው ግን አንድ አይደለም።

አሜሪካዊቷ ነርስ ፓትሪሺያ ቤነር እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ልምድ ያላት ነርስ ሁኔታውን በጠቅላላው በአንድ ጊዜ እንደምትረዳው፣ ደንቡን ግን በቃል ለማስረዳት እንደምትቸገር አመልክታለች። እውነት ነው። ይሁን እንጂ «ልቤ ነግሮኝ ላክሁት» የሚል ወረቀት የሚቀበል ሆስፒታል አላየሁም።

የኦክሲጅን መለኪያውን ነገር ተመልከቱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃን ኦክሲጅን የሚሰጥበትን ልክ በአብዛኛው ስፍራ 90 በመቶና ከዚያ በታች አድርጎ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ለሚኖሩ ግን 87 በመቶን መጠቀም እንደሚቻል ገልጿል። እንግዲህ ደባርቅ ላይ 86 ያሳየ ሕፃን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ጎንደር ሲወርድ፣ አየሩ ስለሚደድር ብቻ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ተቀባዩ ሐኪምም ነርሷ በከንቱ የደነገጠች ይመስለዋል፤ ለመንገድ በግ የሸጡት ወላጆችም እንዲሁ። ቁጥሩ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ያለ ኦክሲጅን ወይስ ከኦክሲጅን ጋር እንደ ተለካ ካልተጻፈ ውሳኔዋን የሚከራከርላት የለም።

ይህን የምለው ስለ ራሴ ጥፋት ስለማውቅ ነው። በጀማሪነቴ ዘመን አንድ የሰባት ወር ሕፃን በሌሊት ታቅፈው አመጡልኝ። ጸጥ እስኪል ጠብቄ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርሁ፤ በዚያ ዕድሜ 50ና ከዚያ በላይ ፈጣን ይባላል። ደረቱም ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር። ወዲያው መላክ እንዳለበት ወሰንሁ፤ ውሳኔው ትክክል ነበር። በመላኪያ ወረቀቱ ላይ ግን ሁላችንም የለመድናትን «ለተሻለ ሕክምና» የምትል ሐረግ ብቻ ጽፌ ፈረምሁ። እናቲቱ በደረሰችበት ቦታ ሕፃኑ ተኝቶ ስለ ነበር ከተራው ሰልፍ ጋር እንድትጠብቅ ተደረገ። ወረቀቴ ሌላ የሚናገረው አልነበረውም፤ እርሷም የእኔን ቆጠራ አታውቀውም።

ሕፃኑ ተርፏል። ትንፋሹ በደቂቃ 62 ነበር። ይህን ዛሬ የምነግራችሁ ስለማስታውሰው ነው እንጂ የትም ስለ ጻፍሁት አይደለም።