ጌሾ በከተማ ጓሮ



ስለ አራዳና ስለ ፒያሳ ሲነገር ዘወትር የሚወሳው ሕንፃው፣ ሱቁና አደባባዩ ነው። ከማድ ቤቱ ጀርባ የሚበቅለው ጌሾ ግን አይነሣም። ይሁን እንጂ በአሮጌው ግቢ ውስጥ የቤተ ሰብን ኑሮ ከሚደጉሙት ነገሮች አንዱ እርሱ ነው።

ጌሾ ቅጠሉ ዓመቱን በሙሉ የማይረግፍ ቍጥቋጦ ሲሆን፣ ካልተገረዘ እስከ 6 ሜትር ሊያድግ ይችላል። ቅጠሉ የሚያብለጨልጭ፣ አበባው ደቃቅ፣ ፍሬውም መጀመሪያ ቀይ ሆኖ ሲበስል የሚጠቁር ነው። ለጠላ ቅጠሉ ደርቆ ይወቀጣል፤ ለጠጅ እንጨቱ ተቈራርጦ ይገባል። በቢራ ፋብሪካ መራራነትን የሚሰጠው ሆፕስ የሌላ ወገን ተክል ቢሆንም፣ ተግባሩ ከጌሾ ጋር ይመሳሰላል።

የአዲስ አበባ ደጋ አየር ለጌሾ ተስማሚ ነው። ችግኙ ከፍሬው በጥላ ሥር ይፈላና፣ ክረምቱ መሬቱን በሚገባ ካራሰ በኋላ በሐምሌ ይተከላል። ጉድጓዱ ግማሽ ሜትር ያህል ወርዶ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቢሞላ መልካም ነው። የፒያሳ መሬት ተዳፋት ስለ ሆነ፣ ከጣራ አሸንዳ የሚወርደው ጎርፍ ሥሩን እንዳያጥበው፣ ውኃም እንዳያቁርበት ቦይ ያስፈልገዋል። ከግድግዳ፣ ከድጋፍ ግንብና ከውኃ ቧንቧ ራቅ ብሎ መተከል አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በበጋ ውኃ አይጓደልበት። ቅጠሉ ሲለቀም ተክሉ ፈጽሞ እንዳይራቆት ከፊሉ ይተውለት፤ ቁመቱም እጅ በሚደርስበት ልክ ይገረዝ።

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ የፒያሳ መንደሮች ሲፈርሱ፣ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ሌላ የከተማው ክፍል ተዛወሩ። ለፈረሰው ቤት ምትክ ቤት ይሰጣል፤ በጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ግን ለጓሮ ምትክ የለውም። ጠላ ጠምቃ ልጆቿን ለምታሳድግ እናት፣ ጌሾን ከደጇ መቍረጥና ከገበያ መግዛት አንድ አይደለም።

ስለዚህ የግቢ ፕላን የሚያወጣ መሐንዲስ መሬቱን ሁሉ በሲሚንቶ ከመሸፈኑ በፊት ጥቂት ካሬ ሜትር አፈር ቢተው፣ ቦታው የዝናቡን ውኃ ይመጣል፤ በቦዩ ላይ የሚወርደውንም ጎርፍ ይቀንሳል። የመሬት ዋጋ በካሬ ሜትር ሲተመን፣ ከዚያች ጥቂት አፈር የሚገኘው ጥቅምም በሒሳቡ ይግባ።