ጊታርና ቅኝታችን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ነገር ሙዚቃ ነው። ይኸውም የጃዝ ጊታር ተጫዋቾች «የተለወጠ ዶሚናንት» ስለሚሉት የድምፅ አጣመር ነው። ስሙ የባዕድ ቢሆንም ነገሩ ከክራራችን ሩቅ አለመሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ሠርግ ቤት አዝማሪ ማሲንቆውን ሲገዘግዝ አውታሩ አንድ ነውና ዜማው ብቻውን ይሄዳል። ጊታር ግን ስድስት አውታር ስላለው ሦስት አራት ድምፅ ባንድ ጊዜ ያሰማል። አብረው የሚሰሙት ድምፆች ኮርድ ይባላሉ፤ ኮርዶች እየተከታተሉ የሚስማሙበት ሥርዓት ደግሞ ሃርመኒ ይባላል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት መዝሙርን በአራት ድምፅ የዘመረ ሁሉ ይህን በጆሮው ያውቀዋል።

ከኮርዶች መካከል ዶሚናንት የተባለው ዕረፍት የለውም። የዜማው ማረፊያ ዶ ቢሆን፥ ዶሚናንቱ ሶል፥ ሲ፥ ሬና ፋ ነው። ሲ ወደ ዶ ሊወጣ፥ ፋ ወደ ሚ ሊወርድ ይሻል። የጃዝ ሰዎች ይህን ናፍቆት ለማጠንከር ሲንና ፋን ሳይነኩ ሬን በግማሽ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋሉ፤ በግማሽ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ላም ይጨምራሉ። የተለወጠ ዶሚናንት ማለት ይኸው ነው።

ጊታር ያለው ሰው ሊሞክረው ይችላል። አውታሮቹን ከቀጭኑ ጀምሮ ይቍጠር። ስድስተኛውንና አራተኛውን አውታር በአንገቱ ሦስተኛ ክፍል ላይ፥ ሦስተኛውን፥ ሁለተኛውንና አንደኛውን በአራተኛው ክፍል ላይ ይጫን፤ አምስተኛውን ግን አይምታ። ጆሮው ወዲያው ዶን ይጠይቃል።

እንግዲህ ወደ ቅኝታችን እንመለስ። ትዝታ ሜጀር ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶልና ላ ነው። ከሰባቱ ድምፆች የሌሉበት ፋና ሲ ናቸው፤ ዶሚናንትን የሚያስናፍቁትም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ስለዚህ ትዝታ ሜጀርን በዶሚናንት የሚያጅብ ሰው ቅኝቱ የማያውቃቸውን ድምፆች ያስገባበታል፤ ጣዕሙም ይለወጣል። ትዝታ ማይነር ግን ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። ቅድም በሁለተኛውና በአንደኛው አውታር ላይ የያዝናቸው ድምፆች እነዚሁ ናቸው! አምባሰል ደግሞ ዶ፥ ዝቅ ያለ ሬ፥ ፋ፥ ሶልና ዝቅ ያለ ላ ነው። ከዶ በቀር አራቱም በተለወጠው ዶሚናንት ውስጥ ይገኛሉ፤ ከውጭ የሚመጣው በተለይ ሲ ነው። በእርግጥ የማሲንቆ ድምፅ እንደ ጊታር በብረት የተከፈለ ስላልሆነ ልኩ ፈጽሞ አንድ ነው ለማለት አይቻልም። ዘመድነቱ ግን ግልጽ ነው።

አምስቱን የቅኝት ድምፆች ከጃዝ አሥራ ሁለት ድምፆች ጋር በማዋሐድ ስማቸው የታወቀው ሙላቱ አስታጥቄ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ ተወልደው በእንግሊዝ አገር፥ በኋላም በአሜሪካ በቦስተን በበርክሊ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተባለው ሸክላቸው የዚህ ሥራ ምስክር ነው። ትልቁ ቁም ነገር የውጭውን ከመማራቸው ጋር የአገራቸውን ቅኝት አለመጣላቸው ነው።

አንዳንድ ሽማግሌዎች፥ ጊታርና ኪቦርድ ቅኝታችንን ያጠፉታል ሲሉ እሰማለሁ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። በየዜማው ላይ የተማረውን ኮርድ ሁሉ የሚጭን ልጅ ትዝታውን ከአንቺ ሆዬ ሳይለይ ያድጋል። መድኃኒቱ ግን ጊታሩን መስበር አይደለም። የጎጃም የቅኔ ተማሪ ትናንት የተባለውን ቅኔ ዛሬ አይደግምም፤ ነገር ግን የቅኔውን ልክ አይስትም። የጃዝ ተጫዋችም እንዲሁ በየጊዜው አዲስ ዜማ ሲፈጥር የኮርዱን መንገድ ይጠብቃል። የእኛ ልጅ ደግሞ ከኮርዱ በፊት የቅኝቱን ልክ ሊያውቅ ይገባዋል። የትኛው ድምፅ ቢለወጥ እንደሚያምር፥ የትኛውስ ዜማውን እንደሚያበላሽ የሚነግረው በቅኝት የሠለጠነ ጆሮ ነውና።

ይህንንም ጆሮ የሚያሠለጥኑት አዝማሪዎቻችን ናቸው። ስለዚህ ወላጆቼ ሆይ፥ አንድ ልመና አለኝ። ልጃችሁ ጊታር ሲይዝ ሠለጠነ ብላችሁ ደስ የሚላችሁን ያህል፥ ማሲንቆ ሲይዝ «አዝማሪ ልትሆን ነውን?» ብላችሁ አትቈጡት። መምህራኖቻችንም በሙዚቃ ክበብ ውስጥ ከጊታሩ አጠገብ ለክራርና ለማሲንቆ ቦታ እንዲሰጡልን፥ በአገራችን የሚገኙትንም አዝማሪዎች ጠርተው እንዲያስተምሩን እለምናለሁ። እኛም ጓደኞቼ፥ ለመማር አንፈር።